ሁለቱ መልህቆች

ልሳነወርቅ ትልቁን ሰማያዊ ኩለር፣ የበረዶ ሣጥኑን፣ አቅፎ የአፓርትማውን ደረጃ ሲወርድ ስልኩ ጠራ። ኩለሩን በጉልበቱና በግድግዳው መካከል አጣብቆ አነሣው። የወይንሐረግ ነበረች፤ የጓደኛው የኪራኮስ ሚስት።

«ልሳኔ፣ ያን ትልቁን ኩለር እንዳትጭነው» አለችው በሹክሹክታ። «ነገ ለውሃው ይፈለጋል። ታጣፊ ወንበሮቹንም እዚያው ተዋቸው። ጋሽ ንጋቱ ስንት ወንበር አለው ብለው ጠይቀውኛል።»

«አራት ነው ያለኝ።»

«አራትም ይረዳል» ብላ ዘጋች።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ኩለሩን የገዛው ለዓሣ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ዓሣ አልገባበትም፤ የገባበት የለቅሶ ቤት ውሃና የክርስትና ለስላሳ ነው። ወንበሮቹም ቢሆኑ ባሕር ዳር ሊቀመጥባቸው የገዛቸው ናቸው፤ እስካሁን የተቀመጡባቸው ግን ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ የመጡ ሰዎች ናቸው። ተነሣና ኩለሩን ወደ ላይ መለሰው። ሦስት ፎቅ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኪራኮስ ታላቅ እኅት እትዬ ጌጤነሽ ረቡዕ ዕለት ዝዋይ ላይ አርፋለች፤ ሐሙስ ተቀብራለች። ይህንን ባሕር ማዶ፣ እዚህ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰምቷል፣ አሌክሳንድሪያ ሰምቷል፣ ጀርመንታውን ያሉት የሚስቱ ዘመዶች ማን ምን ወጥ እንደሚሠራ ተከፋፍለው ጨርሰዋል። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ጉዳይ ያልሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኪራኮስ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ገና ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፣ ሰው ከኋላቸው ይቆማል፣ ሐዘንተኛው ፊታቸውን አይቶ ይረዳል። ዓርብ ደግሞ ሁሉም ሥራ ገቢ ነው። ስለዚህ ለቅዳሜ ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተቆረጠ። እዚህ አገር መርዶም የእረፍት ቀን ይጠብቃል።

ችግሩ ጉዞው ነበር። ኪራኮስና ልሳነወርቅ በጋራ የገዟት አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ አለቻቸው። በዚያችው ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሷን ጎትተው የሦስት ሰዓት መንገድ ሊነዱ፣ ከዚያም ሰው ወደማይኖርባት አንዲት ረጅም የአሸዋ ደሴት ተሻግረው አንድ ሌሊት ሊያድሩ ቀጥረዋል። ደሴቷ መንገድ የላትም፣ መብራት የላትም፣ ስልክ አይሠራባትም። ለኪራኮስ ውበቷ ይኸው ነው። ዕቅዱ የአራት ዓመት ዕቅድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጋሽ ንጋቱ ወንድም ሞተ፤ ጉዞው ቀረ። በሁለተኛው የጓደኛ ልጅ ክርስትና ሆነ፤ ቀረ። በሦስተኛው ለቅሶውም ክርስትናውም በአንድ ቅዳሜ ገጠሙ። ጀልባዋ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሁለቴ ከመንሳፈፏ በቀር የጨው ውሃ ቀምሳ አታውቅም። የዘንድሮውን የማደሪያ ፈቃድ ኪራኮስ ከየካቲት ጀምሮ አሳድዶ ነው ያገኘው። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ትናንት ኪራኮስ ሥራ ላይ ሳለ ሽማግሌዎቹ በስልክ ተሰብስበው ነበር። እዚያ ላይ የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ንጋቱ ለልሳነወርቅ ድርሻውን ሰጡት።

«አንተ ነገ ከሥራ ከወጣ ጀምሮ ያዝልን። ሰው እንዳያገኝ፣ ስልክ እንዳይነካካ። እንደ ወትሮህ ሁን፣ ስለ ዓሣችሁ አውራው። ብቻ መነሻችሁን ወደ አንድ ሰዓት ግፋልን፤ ስንደርስ እቤቱ ይገኝ።»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«ምን እንደምትል አንተ ታውቃለህ። ዓሣ አጥማጁ አንተ ነህ።»

የወይንሐረግም ከወዲያ ሆና፣ «ብዙ አታውራው ብቻ» አለች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

እሺ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው ነው። ሳምንቱን በቫን አዛውንቶችን ወደ ኩላሊት እጥበት ሲያመላልስ ከርሞ ዓርብን እረፍት የጠየቀው ለጀልባዋ ነበር። ያገኘው እረፍት ግን ሲዋሽ የሚውልበት ቀን ሆነ።

ስምንት ሰዓት ላይ አርሊንግተን ደረሰ። ኪራኮስ የሚሠራው ከአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። እዚያ ከገባ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻውም ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ መልስ አልመጣም፣ መልስ ሳይመጣ ደግሞ አገሩ ሄዶ መመለስ አይችልም። በመወጣጫው ብቅ ሲል እንደ ሁልጊዜው ዓይኑን በእጁ ከለለ፣ ብርሃኑን እስኪለምደው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ወደ መኪናው መጣ።

«ኩለሩስ?» አለ ወደ ኋላ አይቶ።

«ትንሿን ያዝኩ።»

«ትልቁ ካልተያዘ አልሄድም ስትል አልነበረም እንዴ?»

«ትንሿም ትበቃናለች።»

ኪራኮስ አየት አደረገውና ቀበቶውን አሰረ።

ጀልባዋ የምትቆመው አናንዴል፣ ይስሐቅ የሚባል መካኒክ ጋራዥ ጀርባ ነው፤ ኪራኮስ የሚኖርበት የአሌክሳንድሪያ አፓርትማ ጀልባ አያስቆምም። መንገዱ እንደ ዓርብ መንገድ ተጨናንቆ ነበር። ኪራኮስ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ መንገዱን ያይ ጀመር። ልሳነወርቅን ግን የማይፈልገው ሐሳብ መጣበት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እንዲሁ በአንድ ዓርብ፣ ኪራኮስ ሳይታሰብ መጥቶ «ና፣ ዓሣ ማጥመድ ላስተምርህ» ብሎ ወደ ፖቶማክ ዳር ወሰደው። ያን ቀን ኪራኮስ ደግ ነበር። ልሳነወርቅ ክሩን ሲያወሳስብ ቁጭ ብሎ ፈታለት፣ መንጠቆውን ድንጋይ ላይ ሲያስቀር አልሳቀበትም፣ ምሳ የት እንብላ ሲለው አንተ ያልክበት አለው። ልሳነወርቅ ማታ ደስ ብሎት ተኛ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኪራኮስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የሞቱት የልሳነወርቅ እናት ነበሩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ልሳነወርቅ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ትናንት ታውቅ ነበር?» ኪራኮስ አልመለሰለትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አንሥተውት አያውቁም። ጓደኛውን ያመስግነው ወይስ ይውቀሰው፣ ልሳነወርቅ እስከ ዛሬ አልቆረጠም። ዓሣ ማጥመዱን ግን አልተወውም።

ጋራዡ ጋ ሲደርሱ ይስሐቅ ከአንድ መኪና ሥር እጁን ብቻ አውጥቶ ሰላም አላቸው። ወደ ጓሮ ዞሩ። ጀልባዋ ጠጠሩ ላይ፣ በተጎታቿ ላይ እንደ ተቀመጠች የክረምቱን ቅጠል ተሸክማ ጠበቀቻቸው። ኪራኮስ የሥራ ጃኬቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣ። በመኪና ማቆሚያው ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ ነው።

የነዚህ ሰዎች ጓደኝነት በክርክር የቆመ መሆኑን የማያውቅ የለም። ለምሳሌ ጀልባዋ ሁለት መልህቅ አላት። ኪራኮስ ትንሽና ቀላል አንድ ገዛ፤ ልሳነወርቅ ትንሿ አሸዋ ላይ አትይዝም፣ ሌሊት ጀልባችን ጥላን ትሄዳለች ብሎ መርከብ የሚያቆም የሚመስል ዝገታም መልህቅ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አመጣ። ያ ከባዱ መልህቅ እስከ ዛሬ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አጥሩ ሥር ሣር በቅሎበታል።

«ድንኳኑን በባሕሩ በኩል እንትከለው» አለ ኪራኮስ። «ሞገዱን እየሰማሁ ልተኛ።»

ልሳነወርቅ አራት ዓመት ሙሉ፣ ነፋሱ ይዞን ይሄዳል፣ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ሲል ነው የኖረው። አሁን ግን፣ «ጥሩ ነው» አለ።

«ሁለተኛውን የቤንዚን ጀሪካን እንተወው። ክብደት ነው።»

«ይቅር።»

«መልህቅም ትንሿ ትበቃለች።»

«ትበቃለች።»

ኪራኮስ እርሳሱን ዝርዝሩ ላይ እንዳቆመ ቀና አለ። ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ አንድ መሥመር ሰረዘ።

ቅጠሉን ጠረጉ፣ የተጎታቿን ጎማ ነፉ፣ ላይፍ ጃኬቶቹን አራገፉ። ከዚያ ኪራኮስ ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ መንጠቆዎቹን በክር ያስር ጀመር። ልሳነወርቅ የፈራው ይህንን ነበር። ኪራኮስ መንጠቆ ባሰረ ቁጥር «ይህችን ቋጠሮ ያስተማረችኝ እትዬ ናት» ሳይል አልፎ አያውቅም። ያሳደገችው እሷ ናት። ዝዋይ ዳር ቁጭ ብላ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየገፈፈች እየሸጠች፣ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ፣ ወንድሟን አስተምራ ለመንገድ ያበቃች ሴት ነበረች። በየሐሙሱ ከገበያ ስትመለስ የድምፅ መልእክት ትልክለታለች። ዓሣው በየዓመቱ እያነሰ ነው፣ አንተ ግን ወፍረሃል አሉ፣ ትለዋለች። ኪራኮስ ከመሬት በታች ኔትዎርክ ስለማያገኝ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይሰማታል። ልሳነወርቅ ድምፅዋን ከመስማቱ ብዛት የሚያውቃት ይመስለው ነበር።

ኪራኮስ ስምንት መንጠቆ አሰረ። ስለ እኅቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ልሳነወርቅ ተመስገን አለ በልቡ፤ ደክሞት ስለ ነበር ለምን ብሎ አልጠየቀም።

የቀረው ሰዓቱ ነበር። ልሳነወርቅ ይህችን ነገር ከጠዋት ጀምሮ አፉ ውስጥ ሲያገላብጣት ውሏል።

«ኪራ» አለ የጎማውን መንፊያ እየጠቀለለ። «እኔ እንኳ ደክሞኛል። በዘጠኝ መነሣቱን ትተን ወደ አንድ ሰዓት ብናደርገውስ? ትንሽ ተኝተን ብንነዳ።»

ይህን ሲል አፈረ። ጀልባዋ ጎን ላይ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት አለ፤ የለጠፈው ኪራኮስ ራሱ ነው። ነገ ውሃው የሚሞላው አንድ ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ከመሻገሪያው ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ይቀራል። በአንድ ሰዓት ከዚህ የተነሣ ሰው የሚደርሰው ጭቃው ላይ ነው። አምና ለግማሽ ሰዓት መዘግየት ብለው ሦስት ቀን ተኳርፈዋል። ስለዚህ ልሳነወርቅ ጩኸቱን ጠበቀ። ጩኸቱን የሚያበርድበት ውሸትም አዘጋጅቶ ነበር።

«እሺ» አለ ኪራኮስ።

ጨርቁን አንሥቶ የሞተሩን ክዳን መጥረግ ቀጠለ።

ልሳነወርቅ መንፊያውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ተስማምተው አያውቁም።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለ ኪራኮስ፣ ዓይኑን ከሞተሩ ሳያነሣ።

«እነማን?»

«ልሳኔ።»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት» አለ ልሳነወርቅ።

ኪራኮስ ራሱን ነቀነቀ። የሚያውቀውን የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሰማ ይመስል ነበር። ክዳኑ ከጸዳ ቆይቷል፤ እሱ ግን መጥረጉን አላቆመም።

«ኪራዬ፣ እትዬ...»

«እንዳትነግረኝ!» ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «ከነገርከኝ አወቅሁ ማለት ነው። ካወቅሁ ደግሞ እዚሁ ጠጠሩ ላይ መውደቅ አለብኝ። እኔ የጠየቅሁህ ሰዓቱን ነው።»

ከጋራዡ ውስጥ ብረት ሲወድቅ ተሰማ፤ ይስሐቅ አንድ ነገር ተራገመ።

«ከረቡዕ ጀምሮ የቤቱ ዋይፋይ ተበላሽቷል ተብያለሁ» አለ ኪራኮስ ቀስ ብሎ። «ልጄን ሔራንን ታውቃታለህ። ዋይፋይ ጠፍቶ ዝም ያለች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የት አይተህ ታውቃለህ? ትናንት ማታ መጥታ አቀፈችኝ። አይ ላቭ ዩ ዳዲ ብላ ሮጣ ክፍሏ ገባች። የሐሙሱም መልእክት አልመጣልኝም። ይሁን፣ ኔትዎርክ ነው አልኩ። ዛሬ ግን አንተ በመልህቁ ተስማማህ።» ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጠው። «ያን ቀን እኮ ፖቶማክ ዳር እኔም ለሁሉም ነገር እሺ ብዬህ ነበር። የኔኑ ሥራ መልሰህ በኔው ላይ ትሠራዋለህ?»

ዘጠኝ ዓመት በልሳነወርቅ ሆድ ውስጥ የቆየው ጥያቄ ሳይጠራው ወጣ። «ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንድ ቀን ልስጥህ ብዬ ነዋ። ሌላ የምሰጥህ ነገር አልነበረኝም።»

ልሳነወርቅ ተጎታቿ ላይ ተደገፈ። እንባው መጣ፤ ለማን እንደመጣ ግን ለራሱም አልገባውም፤ ለእናቱ ይሁን፣ ለእትዬ ጌጤነሽ፣ ወይስ ፊቱ ለቆመው ሰው።

«ከነገ ጀምሮ የራሴ አይደለሁም» አለ ኪራኮስ። «ፍራሽ ላይ ታስቀምጡኛላችሁ፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አልጠላሁትም። እኔም ስንቱን አስለቅሻለሁ፣ ወግ ነው፣ ሰው ያለ ሰው አይሆንም። ግን መቃብር ላይ ሄጄ አልቆምም። ወረቀቴን ታውቀዋለህ። ውሃ ዳር አንድ ቀን ብውል ምናለበት? ሳላውቅ። ሳላውቅ አንድ ቀን ልዋል፣ ልሳኔ። ሰኞ ትነግሩኛላችሁ፣ እጮህላችኋለሁ።»

ልሳነወርቅ አሰበ። ወጡ ተሠርቷል፤ ጋሽ ንጋቱ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ቀጥረዋል፤ የወይንሐረግ ሦስት ቀን ሙሉ መታጠቢያ ቤት እየገባች ስታለቅስ ከርማ ነገን እንደ ማረፊያ ነው የምትጠብቀው። ነገሩ ከተሰማ ደግሞ የሚባለውን ያውቀዋል። ሐዘንተኛ ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ ይባላል። ይህ በየለቅሶው ይወራል፤ በራሱ ለቅሶ ላይ ሳይቀር። እዚህ አገር ያለው ሀብት ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ሊያጣው ይችላል። ይህን ሁሉ አስቦ አልጨረሰም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጠራ። የወይንሐረግ ናት።

ኪራኮስ ስሟን ስልኩ ላይ አየ። ፊቱን ወደ ጀልባዋ አዞረ።

«እሺ አለህ?» አለች የወይንሐረግ። «በአንድ ሰዓት ተስማማ?»

«የወይኔ፣ ለሰኞ አድርጉት።»

«ምኑን?»

«እኛ በዘጠኝ ሰዓት እንሄዳለን። እሑድ ማታ እመልስልሻለሁ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ትመጣላችሁ።»

«አብደሃል? ሰው እኮ ወጡን ሠርቶ ጨርሷል! ሰኞ ማን ሥራውን ትቶ ይመጣል?»

«የመጣው ይመጣል። እኔ አለሁ። ለጋሽ ንጋቱም እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይርገሙኝ።»

አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማው።

«ልሳኔ» አለች በመጨረሻ። «በእናትህ ነፍስ፣ እውነቱን ንገረኝ። አውቋል?»

ልሳነወርቅ ጓደኛውን አየው። ኪራኮስ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ግን አልወጣውም።

«አላወቀም» አለ ልሳነወርቅ።

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። እንደ ወትሮው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያቺ ትንሿ መልህቅ አሸዋ ላይ አትይዝም ብዬሃለሁ! ስንቴ ልንገርህ?»

ኪራኮስ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ትንሿን መልህቅ ከጀልባዋ አውጥቶ ጠጠሩ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ትልቁን መልህቅ ከሣሩ ነቅሎ በሁለት እጁ ተሸከመው።